41ዱ በርሜሎች የት ገቡ?



ባለፈው ሰሞን ስለ አረም መድኃኒት አቀማመጥ ከለጠፍኩ በኋላ አንድ አባት በልጃቸው ስልክ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። "ልጄ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከጎተራው ሥር ፈሶብኝ አፈሩን በአካፋ ዝቄ ገደል ጨመርኩት። ተገላገልኩት ማለት ነው?" ይላሉ። እኔም "አባቴ፣ ቦታ ቀየሩለት እንጂ አልተገላገሉትም" ብዬ መለስኩላቸው። በኋላ ሳስበው ግን መልሴ አጠረብኝ። እሳቸው ያደረጉትን እኮ ገንዘብም የተማረ ሰውም የሞላቸው ትልልቅ ድርጅቶች አድርገውታል። በዓለም ከታወቁት አንዱን ዛሬ ልንገራችሁ። ረዘም ስለሚል ማታ ከሥራ ስትገቡ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ዘመኑን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን አገር ነው። ከሚላኖ ከተማ በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሜዳ የምትባል ከተማ አለች (ስሟ ከኛ ሜዳ ጋር መግጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው)። እዚያ ኢክሜሳ የሚባል የኬሚካል ፋብሪካ ነበር። ባለቤቱ ጂቮዳን የተባለ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ሲሆን፣ የጂቮዳን ባለቤት ደግሞ ያኔ ሆፍማን ላ ሮሽ የሚባለው ትልቅ የመድኃኒት ድርጅት ነበር። ፋብሪካው ትራይክሎሮፌኖል የሚባል ኬሚካል ያመርት ነበር። ይሄ ኬሚካል ጀርም ለሚገድል ሳሙና ግብዓት ይሆናል፤ 2,4,5-ቲ የሚባል የአረም መድኃኒትም ይሠራበታል።

የጤፍና የስንዴ ገበሬ ሁሉ 2,4-ዲን ያውቃል። ቱፎርዲ የምንለው ነው። 2,4,5-ቲ የሱ ዘመድ ነው፣ ግን አንድ አይደሉም። ለ2,4,5-ቲ የሚሆነው ትራይክሎሮፌኖል ሲመረት፣ በተለይ ሙቀቱ ካለልክ ከጨመረ፣ ማንም ያልፈለገው ሌላ መርዝ አብሮ ይወለዳል። ዳይኦክሲን ይባላል። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እዚህ የተወለደው ከሁሉም የከፋው ነበር። ውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፣ ስለዚህ ዝናብ አያጥበውም። አፈር ላይ ተጣብቆ ዓመታት ይቆያል። ከብት ወይ ዶሮ ከሳሩና ከአፈሩ ጋር ሲወስደው ስብ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም በወተቱ፣ በእንቁላሉ፣ በሥጋው አድርጎ ወደ ሰው ይመጣል። ሰው ሰውነት ውስጥ ከገባ ግማሹ ለመውጣት እንኳ 7 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ሐምሌ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ሠራተኞቹ ማለዳ ላይ ፈረቃቸው ሲያበቃ በትልቁ ጋን ውስጥ የነበረውን ሥራ ሳይጨርሱ መሀል ላይ አቁመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የሽሮ ድስት ከእሳት ላይ አውርዳችሁም ቢሆን ጥቂት ጊዜ ሲንተከተክ አይታችሁ ይሆናል፤ የድስቱ ግድግዳ ሙቀት ስለያዘ ነው። የዚያ ጋን ግድግዳም እንደዚያው ሙቀት ይዞ ነበር። የሚያማስል የለም፣ የሚያቀዘቅዝ የለም። ሙቀቱ ቀስ እያለ ከላይ ያለውን ኬሚካል አስነሳው። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ግፊቱ መተንፈሻውን በጥሶ ወጣ። ጭሱ ነፋሱን ተከትሎ ወደ ደቡብ ነጎደና በሴቬዞ፣ በቼዛኖ ማዴርኖና በዴዚዮ ላይ አረፈ። ክፉኛ የተመታችው ሴቬዞ ስለሆነች አደጋው እስከ ዛሬ በሷ ስም ይጠራል።

የአካባቢው ሰው አብዛኛው የፋብሪካ ሠራተኛና የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ነው፤ ግን ጓሮው ውስጥ አትክልት ያለማል፣ ዶሮና ጥንቸል ያረባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የዛፉ ቅጠል እንደተቃጠለ ሆነ። ቀጥሎ ወፎች ከሰማይ ወደቁ። ጥንቸሎች፣ ዶሮዎች፣ ድመቶች ሞቱ። ልጆች ፊታቸው ላይ ቁስልና ብጉር ወጣባቸው፤ ይሄ በሽታ በኋላ ላይ 193 ሰዎች ላይ ተገኝቷል፣ አብዛኞቹ ሕፃናት ናቸው። ፋብሪካው ለአካባቢው ሹማምንት የነገራቸው የአረም መድኃኒት ጭስ እንደወጣና ሰው የጓሮውን አትክልት እንዳይበላ ነው። ዳይኦክሲን የሚለው ቃል ግን አልተነገረም። ኩባንያው በራሱ ላቦራቶሪ መርምሮ ዳይኦክሲን መሆኑን ለባለሥልጣናቱ ሲያረጋግጥ 10 ቀን ገደማ አልፎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ከቤታቸው የወጡት ሐምሌ 19 ቀን ነው። ከአደጋው 16 ቀን በኋላ ማለት ነው! በነዚህ 16 ቀናት ልጆቹ በዚያው ሣር ላይ ይጫወቱ ነበር።

ባለሙያዎች መሬቱን በመርዙ መጠን ሦስት ቦታ ከፈሉት። በጣም የተመታው ክፍል ከ100 ሔክታር ትንሽ ይበልጣል፤ ከዚያ 736 ሰዎች ወጡ። ከ3,000 የሚበልጡ እንስሳት በመርዙ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ለገበሬ የበለጠ ያማል። መርዙ በወተትና በሥጋ ወደ ሰው እንዳይገባ ተብሎ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ 80,000 የሚደርሱ እንስሳት እንዲታረዱና እንዲወገዱ ተደረገ። ብዙዎቹ ሲታዩ ደህና ነበሩ፤ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። የወጣው መርዝ ደግሞ ስንት ነበር መሰላችሁ? ግምቱ ይለያያል፤ ሆኖም በኪሎ የሚቆጠር እንጂ ኩንታል የሚሞላ አይደለም።

አሁን የጥያቄያችን ጉዳይ መጣ። ይሄ ሁሉ የተመረዘ አፈር፣ ይሄ ሁሉ ሬሳ፣ ይሄ ሁሉ ቤት የት ይግባ?

መጀመሪያ የታሰበው እዚያው አካባቢ ትልቅ ማቃጠያ ሠርቶ ሁሉንም ማቃጠል ነበር። ሕዝቡ እምቢ አለ። ጭሱ ተመልሶ እኛው ላይ ነው፣ ማቃጠያው አንዴ ከተሠራ ደግሞ የሌላ አገር መርዝ ሁሉ ወደኛ ይመጣል አሉ። እኔ እንዲህ ማለታቸው ተገቢ ይመስለኛል። አስቀድሞ ያልነገራቸውን ሰው በምን ይመኑት? ከቤታቸው የወጡት ሰዎች አጥሩን አልፈው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ገብተው ነበር፤ መንገድም ዘግተዋል።

በመጨረሻ እዚያው መቅበር ተወሰነ። አቀባበሩ ግን ጉድጓድ ቆፍሮ አፈር እንደመመለስ አልነበረም። በሴቬዞና በሜዳ ሁለት ሰፋፊ ገንዳዎች ተሠሩ፤ ሁለቱ ተደምረው ከ200,000 ሜትር ኩብ በላይ ይይዛሉ። ከሥር ውኃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈርና ወፍራም ፕላስቲክ ተነጠፈ። በጣም ከተመታው ክፍል የላይኛው አፈር ተገፎ ወደዚያ ገባ። የፈረሱት ቤቶች ፍርስራሽ ገባ። የእንስሳቱ ሬሳ ገባ። ለሥራው ያገለገሉ መሣሪያዎች ጭምር ገቡ። ከዚያ ተከደነና ላዩ ላይ ዛፍ ተተከለ። ዛሬ ቦታው የኦክ ጫካ የሚባል መናፈሻ ነው፤ ሰው ይንሸራሸርበታል። ግን እስከ ዛሬ ከገንዳዎቹ ሥር የሚወጣው ውኃ እየተቀዳ ይመረመራል። መቅበር ማለት እነሱ ዘንድ ይሄ ነው፤ ከቀበሩ በኋላም ጠባቂ አላቸው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። የፈነዳው ጋን ራሱ ሆዱ ውስጥ ገና ዝቃጭ ነበረ፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነበር። ስድስት ዓመት ተዘግቶ ቆመ። በ1974 ዓ.ም. ክረምት ልዩ ልብስና የአየር መተንፈሻ ያደረጉ ፈቃደኛ ሠራተኞች ገብተው ጠርገው አወጡት። ዝቃጩ 41 በርሜል ሞላ፤ 22 ኩንታል ገደማ ነው። አንድ የአይሱዙ ጭነት እንኳ በወጉ አይሞላም።

በርሜሎቹ ከሜዳ የወጡት ጳጉሜን 5 ቀን ነው። እኛ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ስንሰናዳ አንድ የጭነት መኪና የዓለምን ክፉ መርዝ ጭኖ ወደ ፈረንሳይ ድንበር ይጓዝ ነበር። ሥራውን አንድ ትልቅ ድርጅት ኮንትራት ወሰደ፤ እሱ ደግሞ ለሌላ ሰጠ፤ ያም ወደ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ አሳለፈው። ሮሽ መርዙ የሚወገድበት ቦታ በምስጢር ይያዝ በሚል ውል ተስማማ፤ ማለትም የገዛ መርዙ የት እንደሚገባ ላለማወቅ ፈረመ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዝቃጩ በአግባቡ ተወግዷል የሚል ማረጋገጫ ደረሰው። እኛ አገር ውልና ማስረጃ እንደሚጸድቅ ዓይነት ማኅተም ያለው ወረቀት ነው። በቃ፣ ፋይሉ ተዘጋ።

በ1975 ዓ.ም. መጋቢት ግድም ጋዜጠኞች ጉዳዩን ይጎረጉሩ ጀመር። በርሜሎቹ የት ናቸው? የሚያውቅ ጠፋ። ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ ሳን ካንተን እስከምትባል ከተማ ድረስ ዱካቸው ይታያል፣ ከዚያ በኋላ የለም። ኮንትራቱን የወሰደው "እኔ ለሱ ሰጥቻለሁ" ይላል፤ ነጋዴው ደግሞ አልናገርም ብሎ ታሰረ። የአውሮፓ መንግሥታት ቆሻሻ የሚደፋበትን ቦታ ሁሉ ፈተሹ፤ እርስ በርስም ተወነጃጀሉ። ሁሉም "እኛ አገር ተቀብሮ ቢሆንስ?" ብሎ ፈራ።

ግንቦት 11 ቀን ተገኙ። የት? አንጊልኩር ለ ሳር በምትባል ትንሽ የፈረንሳይ የገጠር መንደር፣ ሥራ ባቆመ ቄራ ውስጥ! 41ዱም ተደርድረው ቆመዋል። ስምንት ወር ሙሉ መንደርተኛው ሲተኛ፣ ሲነሳ፣ ሲያርስ መርዙ አጠገቡ ነበር። ምንም ያለው ሰው የለም።

ከዚያ ሮሽ መርዙን ወደ ባዝል፣ ወደ ራሱ ከተማ፣ መልሶ ለመውሰድ ተገደደ። ማን ያቃጥለው፣ እንዴት ይቃጠል በሚል ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ በ1977 መጨረሻና በ1978 መጀመሪያ ባዝል ውስጥ በሚገኝ የኬሚካል ኩባንያ ምድጃ ተቃጠለ። እንዲህ ዓይነቱን መርዝ የሚያጠፋ ምድጃ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት፤ ጭሱም ሳይጣራ አይወጣም። በቀዝቃዛ እሳት፣ ማለትም በጓሮ እሳት፣ ክሎሪን ያለበት ኬሚካልና ፕላስቲክ ሲቃጠል ዳይኦክሲን ይጠፋል ሳይሆን እንደ አዲስ ይፈጠራል። ይሄን ነገር ደግማችሁ አንብቡልኝ። የመድኃኒት ጀሪካን ከምድጃ ሥር የምትከቱ ሰዎች በተለይ።

የሴቬዞ ጉዳይ ሁለት ሕግ ወለደ ማለት ይቻላል። አንዱ አውሮፓውያን በ1974 ዓ.ም. ያወጡትና በሴቬዞ ስም የሚጠራው ሕግ ነው፤ አደገኛ ፋብሪካ ምን እንደያዘ ለመንግሥትና ለጎረቤቱ ሕዝብ አስቀድሞ እንዲናገር ያስገድዳል። ሁለተኛው ወደኛ ይቀርባል።

አውሮፓ ውስጥ ቁጥጥሩ ሲጠብቅና ማቃጠል ሲወደድ፣ አንዳንድ ነጋዴ ዓይኑን ወደ አፍሪካ ጣለ። በ1980 ዓ.ም. በናይጄሪያ ኮኮ በምትባል የወንዝ ወደብ ከጣሊያን የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ የመርዝ በርሜሎች ተገኙ። የተከማቹት መጋዘን ውስጥ አይደለም፤ በአንድ የአካባቢው ነዋሪ ግቢ ውስጥ ነው። ሰውየው ግቢውን ያከራየው በወር 100 ዶላር ገደማ ነበር። በርሜሎቹ ፀሐይና ዝናብ ላይ ሆነው አብጠዋል፣ ፈሰዋል። ከነዋሪዎቹም አንዳንዶቹ በርሜሉን ገልብጠው ለውኃ ማጠራቀሚያ ወስደዋል። እኛ ጋ ቢሆን አናደርገውም? እናደርገዋለን እንጂ፤ ጥሩ በርሜል ማን ይጥላል! ወሬውን ወደ አገራቸው ያደረሱት ጣሊያን ይማሩ የነበሩ ናይጄሪያውያን ተማሪዎች ናቸው። የናይጄሪያ መንግሥት ተቆጣ፤ ጣሊያን በመርከብ ጭና እንድትወስድ ተገደደች። ካሪን ቢ የምትባለዋ መርከብ መርዙን ይዛ ስትዞር ብዙ የአውሮፓ ወደቦች በራቸውን ዘጉባት፤ መጨረሻ ላይ ወደ ጣሊያን ተመለሰች።

በዓመቱ፣ መጋቢት 1981 ዓ.ም.፣ ያቺው ባዝል ከተማ ላይ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ። የባዝል ስምምነት ይባላል። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ አደገኛ ዝቃጭ የሚቀበለው አገር አውቆና በጽሑፍ ፈቅዶ ካልሆነ ድንበር አይሻገርም፤ ከተነሳበት እስከሚጠፋበት ድረስ ወረቀት አብሮት ይሄዳል። የአፍሪካ አገሮች ደግሞ ይሄ አይበቃንም ብለው በ1983 ዓ.ም. ባማኮ ላይ ጨርሶ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ተስማሙ። አገራችን በሁለቱም ውስጥ አለች።

ይሄ ስምምነት ለኛ በምን ጠቀመን ለሚል፣ እነሆ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለአንበጣ፣ ለተምች፣ ለወባ ትንኝ እየተባለ ወደ ኢትዮጵያ የገባ መድኃኒት ሁሉ አልተረጨም። ከፊሉ ካስፈለገው በላይ የመጣ እርዳታ ነበር፣ ከፊሉ ዘግይቶ ደረሰ፣ ከፊሉ በኋላ ላይ ተከለከለ። ዲዲቲ፣ ዲልድሪን፣ ሊንዴን፣ ማላታዮን በየወረዳው መጋዘን ተከማችቶ ቀረ። በርሜሉ ዝጎ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሰፈሩ ሲሰፋ ድሮ ዳር የነበረው መጋዘን መኖሪያ ቤት መሀል ገባ። አገር ውስጥ ይሄን የሚያቃጥል ምድጃ አልነበረም። እናም ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ዓመታት በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) አስተባባሪነትና በለጋሽ አገሮች ገንዘብ፣ በመጀመሪያው ዙር ብቻ 1,500 ቶን ገደማ፣ ማለትም 15,000 ኩንታል፣ እየተመዘነና በአዲስ በርሜል እየታሸገ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ እዚያ ተቃጠለ። እያንዳንዱ በርሜል ቁጥር ነበረው። ከሴቬዞ በርሜሎች ጋር አስተያዩት፤ የኛው መርዝ መንገዱ እጅግ ይረዝማል፣ መድረሻው ግን ይታወቃል።

ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። መድኃኒት ሲፈስ አፈሩን መዛቃቸው ትክክል ነው፤ ሴቬዞም ያደረገው ይሄንኑ ነው። ስህተቱ ገደሉ ላይ ነው። ሲፈስ መጀመሪያ ልጆችንና ከብትን ማራቅ፤ ጓንት፣ ቦት ጫማና የአፍ መሸፈኛ ማድረግ። በውኃ እናጥበው አትበሉ፤ ውኃ መርዙን ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም። ደረቅ አፈር ወይ የእንጨት ብናኝ ደፍታችሁ እስኪመጠው ጠብቁ። ከዚያ ከነረጠበው መሬት ዝቃችሁ በጠንካራ ማዳበሪያና ላስቲክ አስሩት። ምን እንደሆነና መቼ እንደፈሰሰ በወረቀት ጻፉበት። ከቤት፣ ከእህል፣ ከመኖና ከውኃ ርቆ የሚቆለፍ ቦታ አስቀምጡና ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ ወይም ለወረዳው የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ አስመዝግቡ። "መጥተው እስኪወስዱት ስንት ጊዜ ሊፈጅ ነው?" ትሉኛላችሁ። ሊቆይ ይችላል፤ አልዋሻችሁም። ሆኖም የት እንዳለ የሚታወቅ አንድ ማዳበሪያ መርዝ፣ ወንዝ ውስጥ ከገባ አንድ ሲኒ ይሻላል።

ባዶ ጀሪካኑን በተመለከተ ባለፈው ጽፌያለሁ፤ ያላነበባችሁ ወደ ታች ወርዳችሁ ተመልከቱት። ባጭሩ መድኃኒቱን ስትበጠብጡ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ እጣቢውን ወደ መርጫው መጨመር፣ ከዚያ ጀሪካኑን መብሳት። ለጠላም፣ ለዘይትም፣ ለውኃም አይሆንም። ገበያ ላይ ታጥቦ የሚሸጠውንም አትግዙ።

አባታችንን ሌላ ጥያቄ ጠይቄያቸዋለሁ፦ የጣሉበት ገደል ከሥሩ ምንጭ አለ ወይ? ካለ ከብት የሚጠጣበት ነው ወይስ ሰው የሚቀዳበት? ለልጃቸውም ቦታውን በፎቶ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። ነገ ጠዋት ከዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያው ጋር ወደዚያው እንወጣለን።